የጉብኝት ድርሰት፦ ያዩትን፣ የሰሙትንና ያነበቡትን ለይቶ መጻፍ

አንድ ሰው የታወቀ ስፍራ ጎብኝቶ ሲመለስ ሦስት ዓይነት ዕውቀት ይዞ ይመጣል። አንደኛው በዓይኑ ያየው፣ ሁለተኛው ከሰው አፍ የሰማው፣ ሦስተኛው ከመጽሐፍ ያነበበው ነው። ሦስቱን ቀላቅሎ የሚጽፍ ሰው ሐሰት የመናገር ሐሳብ ባይኖረውም እንኳ አንባቢውን ያሳስታል። በዚህ ትምህርት የጉብኝት ድርሰት እንዴት እንደሚጻፍና አማርኛ ሦስቱን ለመለየት ምን ዓይነት አነጋገር እንዳለው እንመለከታለን። በመጀመሪያ የሚከተለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

ሀ. ምንባብ፦ ከአዲስ ቅዳም እስከ ደብረ ሊባኖስ

አያቴ የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን ገዳም ለመሳለም የተሳሉት ገና በወጣትነታቸው ነበር። ስለታቸውን ለመፈጸም የቻሉት ግን በእርጅናቸው ነው። ግንቦት 12 ቀን ለሚከበረው በዓል እንድንደርስ ከአዲስ ቅዳም ተሳፈርን። እንጅባራን፣ ቡሬንና ደብረ ማርቆስን አልፈን የዓባይን በረሃ ወርደን ወጣን። ከፍቼ ጥቂት እንደ ራቅን መኪናው ዋናውን መንገድ ትቶ ወደ ግራ ታጠፈ።

ገዳሙ የሚገኘው ከትልቅ ገደል ሥር ነው። ከበላዩ አለት ቆሟል፤ ከበታቹ ጥልቅ ሸለቆ ተዘርግቷል። ነጠላ ያጣፉ ምእመናን መንገዱን ሞልተውት ነበር። አያቴ ጫማቸውን አውልቀው የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ ተሳለሙ። ከዚያም ቀስ እያልን ወደ ዋሻው ወጣን። ጻድቁ በዚህ ዋሻ ውስጥ ሰባት ዓመት በአንድ እግራቸው ቆመው ጸልየዋል ይባላል። በሥዕል ባለ ስድስት ክንፍ ሆነው የሚታዩትም በገድላቸው መሠረት ነው። ከአለቱ የሚንጠባጠበውን ጠበል አያቴ ሦስት ጊዜ ተጎነጩ።

ገዳሙ በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሲመሠረት ስሙ ደብረ አስቦ ነበር። ደብረ ሊባኖስ የተባለው በ15ኛው መቶ ዓመት፣ በአፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት ጦርነት ተቃጠለ። ከሁሉ የከፋው መከራ የደረሰበት ግን በፋሺስት ወረራ ዘመን ነው። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ፣ ጠላት መነኮሳቱን በተባባሪነት ከሰሰ። ግንቦት 13 ቀን 1929 ዓ.ም.፣ በበዓሉ ማግሥት፣ መነኮሳትንና ለበዓል የመጡ ሰዎችን በካሚዮን አውጥቶ በጥይት ፈጀ። ግራዚያኒ ለሮማ ያስታወቀው 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎች መገደላቸውን ነው። ከብዙ ዓመታት በኋላ ጉዳዩን የመረመሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ግን በጠቅላላው የተገደሉት ከ1,400 እስከ 2,000 እንደሚደርሱ ገምተዋል።

አያቴ ይህን የሚያውቁት ከመጽሐፍ አይደለም። አጎታቸው ድቁና የተማሩ ወጣት ነበሩ። በሚያዝያ ወር 1929 ዓ.ም. ስንቃቸውን በአቁማዳ ይዘው ወደ ደብረ ሊባኖስ በእግር ጉዞ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ወሬያቸው ጠፋ። በቤተሰቡ መካከል አንዱ ወደ ሱዳን ተሰደዋል ሲል፣ ሌላው ከመነኮሳቱ ጋር ተገድለዋል ይል ነበር።

ከዋሻው እንደ ወረድን ደብተሬን አወጣሁና፦

«እማማ፣ አጎትዎ እዚህ ሞቱ ብዬ ልጻፍ?» ስል ጠየቅኋቸው።

«አይተሃል?» አሉኝ።

«አላየሁም።»

«እኔም አላየሁም። ሲወጡ ያዩዋቸው እናቴ ናቸው፤ ሲመለሱ ያያቸው ግን የለም። ይህንኑ ጻፍ። የማናውቀውን ሞት ብንሰጣቸው እሳቸውን አልፈን የራሳችንን ልብ ማሳረፋችን ነው፤ ልጄ።»

እኔም እንዲህ ስል ጻፍሁ፦ «የአያቴ አጎት በሚያዝያ ወር 1929 ዓ.ም. ደብረ ሊባኖስን ለመሳለም ከቤታቸው ወጡ። አልተመለሱም።» አያቴ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። ከዚያም መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ።

ለ. የቃላት ፍች

ተሳለመ፦ ቅዱስ ስፍራን በአክብሮት ሳመ፣ ጎበኘ።
ስለት፦ የለመኑት ሲፈጸም ለመስጠት ወይም ለማድረግ የሚገቡት ቃል።
ገድል፦ የቅዱሳን ተጋድሎና ተአምር የሚነገርበት መጽሐፍ።
አቁማዳ፦ ከቆዳ የሚሠራ የእህል ወይም የስንቅ መያዣ።

ሐ. የአገባብ ማብራሪያ

1. «አያቴ ሦስት ጊዜ ተጎነጩ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ጸሐፊው ያየውን ይናገራል። ግሱ በኀላፊ ጊዜ ተነግሮ ሌላ ተጨማሪ ቃል አላስፈለገውም።

2. «ጸልየዋል ይባላል» በሚለው ውስጥ «ይባላል» ተደራጊ ግስ ነው፤ ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ አልተገለጠም። ጸሐፊው ነገሩን አላረጋገጠም፤ አላስተባበለምም።

3. ከጽሑፍ የተገኘ ነገር ሲነገር ምንጩን መጥቀስ ይገባል። በምንባቡ ውስጥ ሁለቱ የሟቾች ቍጥሮች ከነባለቤቶቻቸው መቅረባቸውን አስተውሉ። የመጀመሪያው ገዳዩ ራሱ ያስታወቀው ነው፤ ሁለተኛው የመርማሪዎች ግምት ነው። ባለቤቱ ባይጠቀስ ኖሮ አንባቢው ሁለቱን ሊመዝን አይችልም ነበር።

4. «ሞቱ»፣ «ሞተው ይሆናል»፣ «ሳይሞቱ አልቀሩም» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ማረጋገጫ፣ ሁለተኛው ጥርጣሬ፣ ሦስተኛው ወደ እርግጠኝነት የተጠጋ ግምት ነው። የምንባቡ ጸሐፊ ከሦስቱ አንዱንም ሳይጠቀም «አልተመለሱም» ብሎ መጻፉ የሚያውቀውን ያህል ብቻ ለመናገር ነው።

መ. ስለ ሌላው እምነት ሲጻፍ

ይህ ሥርዓት የራሳችን ላልሆነ እምነትም ይሠራል። በሆንግ ኮንግ ከተማ ዎንግ ታይ ሲን ለተባለ መንፈሳዊ አባት መታሰቢያ የሆነ የታኦ እምነት መቅደስ አለ። የተመሠረተው በ1921 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው። ምእመናኑ ዕጣን ያጤሳሉ፤ በቍጥር የተለዩ የቀርከሃ ዘንጎችን እያንቀጠቀጡ ዕጣቸውን ይጠይቃሉ። ዎንግ ታይ ሲን በልጅነቱ እረኛ እንደ ነበረና በኋላም ድንጋዮችን ወደ በግ እንደ ለወጠ ይተረካል። ይህን የሚጽፍ ተማሪ «ድንጋዮችን በግ አደረገ» ቢል ያልመረመረውን ማረጋገጡ ነው፤ «የሞኞች ተረት» ቢል ደግሞ ያስተናገዱትን ሰዎች መስደቡ ነው። «ይተረካል» የሚለው አንድ ቃል ከሁለቱም ስሕተት ያድነዋል።

ሠ. መልመጃ

1. ከምንባቡ ውስጥ ጸሐፊው ያየውን፣ የሰማውንና ያነበበውን የሚገልጡ ሁለት ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አውጡ።
2. «የማናውቀውን ሞት ብንሰጣቸው እሳቸውን አልፈን የራሳችንን ልብ ማሳረፋችን ነው» ሲሉ አያት ምን ማለታቸው ነው? በአምስት መስመር አስረዱ።
3. «ፈረሰኛው ወንዙን ተሻገረ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በጥርጣሬ፣ በግምትና በ«ይባላል» አነጋገር ለውጣችሁ ጻፉ።
4. በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ ደብር፣ መስጊድ ወይም ሌላ የተከበረ ስፍራ ጎብኝታችሁ የሁለት ገጽ ድርሰት ጻፉ። ስለ ስፍራው ከሽማግሌዎች የሰማችሁትን ከየትኛው ሽማግሌ እንደ ሰማችሁ ሳትገልጡ አትለፉ።