የበሽተኞችን ቁጥር ስለ መመዘን

የጤና ትምህርት ለመማር ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚገባ ተማሪ ከሚያጠናቸው መሠረታዊ ትምህርቶች አንዱ ባዮስታቲስቲክስ ነው። ይህም ስለ ሰው ጤናና በሽታ የተሰበሰበውን ቁጥር መርምሮ ፍርድ ለመስጠት የሚያስችል ዕውቀት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስተምረውም የበሽተኞች ቁጥር ብቻውን ለፍርድ እንደማይበቃ ነው።

ለምሳሌ ያህል በፉሪ በአንድ ወር ውስጥ በአንደኛው መንደር 30፣ በሁለተኛው 12 ሕፃናት ተቅማጥ ያዛቸው እንበል። ቁጥሩን ብቻ የተመለከተ ሰው በሽታው የጠናው በአንደኛው ነው ይላል። ነገር ግን በአንደኛው 600፣ በሁለተኛው 120 ሕፃናት ቢኖሩ፣ የታመሙት በአንደኛው ከመቶ 5፣ በሁለተኛው ከመቶ 10 ይሆናሉ። ስለዚህ የመጠጥ ውሃውና መጸዳጃው አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው በሁለተኛው መንደር ነው።

ዘመንንም ከዘመን የምናስተያየው በዚሁ መንገድ ነው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ሕፃናት መካከል 166ቱ 5 ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ጥናት ግን ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ሕዝቡ በዚህ መካከል እጅግ ስለ በዛ፣ የሟቾች ድምር ብቻ ቢነገር ኖሮ የመሻሻሉ መጠን ባልታወቀም ነበር።

መምህራንም ይህን በትምህርት ቤታቸው ሊሠሩበት ይችላሉ። በተቅማጥ የታመሙትን ተማሪዎች ቁጥር ለክፍሉ ተማሪዎች ብዛት አካፍሎ በ100 ማባዛት ይበቃል። ሁለት ክፍሎች ሲነጻጸሩ ግን የቆጠራው ጊዜ እኩል፣ የበሽታውም መለያ አንድ ይሁን፤ ይኸውም በ24 ሰዓት ውስጥ 3 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ቀጭን ሰገራ መውጣት ነው። ጥቂት ተማሪዎች ባሉበት ክፍል የአንድ ልጅ ሕመም እንኳ መቶኛውን ከፍ ስለሚያደርገው፣ የብዙ ወራት ቆጠራ ሳይሰበሰብ ለፍርድ መቸኮል አይገባም።