የዋጋ ግሩፕን እንዴት እንምራው? ለዩኒየኖች፣ ለነጋዴዎችና ለላኪዎች የቀረበ አጭር ትምህርት

የዕለቱን ዋጋ ለጥፈን ስለጨረስን ወደ ትምህርታችን እንለፍ። ከመርሳ፣ ከወልድያና ከሀብሩ ቀበሌዎች «የራሳችንን የቴሌግራም ግሩፕ ልንከፍት ነው፤ ምን ምን እናሟላ?» የሚል ጥያቄ በዝቷል። ግሩፕ መክፈት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ፈተናው የሚመጣው ሰው ሲበዛ ነው። ቴሌግራም በአንድ ግሩፕ እስከ 200,000 ሰው ይፈቅዳል፤ ግን 30 ሰው አጣርቶ የለጠፈው ዋጋ፣ በሺህ የሚቆጠር ሰው ካወራው ወሬ ይበልጣል።

ለምን? አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀመንበር «ነጭ ጤፍ ጨምሯል» የሚል መልእክት አንብቦ የአባላቱን እህል ሁለት ሳምንት መጋዘን ያቆያል እንበል። ወሬው ሐሰት ከሆነ የሚጎዳው እሱ ብቻ አይደለም። የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት፣ ልጅ የሚያስተምር አርሶ አደር ነው የሚጎዳው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይባላል፤ ገበያ ግን እስኪጠራ አይጠብቅም። ስለዚህ የግሩፕ መሪ ዋና ሥራው አንድ ነው፦ የተለጠፈ ዋጋ ሁሉ ሊጣራ የሚችል እንዲሆን ማድረግ። እንዴት? አንድ በአንድ እንየው።

1. ዋጋ ሲለጠፍ ስድስት ነገር ይሟላ

የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ይዞት ከመጣው ለውጥ አንዱ፣ ዋጋን ከደረጃ፣ ከመጋዘን ቦታና ከምርት ዘመን ጋር አያይዞ ማሳወቁ ነው። እኛም ከዚያ እንማር። በግሩፓችሁ አናት ላይ ይህን ፎርም ፒን አድርጉት፦

👉 ምርቱና ዓይነቱ («ጤፍ» ብቻ አይበቃም፤ ማኛ ነው? ነጭ? ሰርገኛ? ቀይ?)
👉 መለኪያው (ኩንታል፣ ኪሎ ወይስ ፈረሱላ)
👉 ቦታው (መርሳ ገበያ፣ ወልድያ መጋዘን ወይስ አዲስ አበባ እህል በረንዳ የደረሰ)
👉 ቀኑ
👉 የተጠየቀ ዋጋ ነው ወይስ የተሸጠበት
👉 ለጣፊው ራሱ ያየው ነው ወይስ የሰማው

ቦታ ሳይጠቀስ የተለጠፈ ዋጋ ከሁሉ በላይ ያሳስታል። እህል በረንዳ የደረሰ ዋጋ ውስጥ የመኪና ኪራይ፣ የጫኝና አውራጅ፣ የጆንያና የነጋዴው ትርፍ አለበት። መርሳ ላይ ያለ አርሶ አደር ያንን ቁጥር ብቻ ካየ «ተበላሁ» ብሎ ከገዢው ጋር ይጣላል።

ቡና ላይ ደግሞ መለኪያው ነው ጣጣው። በምርት ገበያ የቡና ዋጋ የሚነገረው በፈረሱላ ነው፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ለምሳሌ አንድ ሰው «ቡና 6,800» ብሎ ቢለጥፍ፣ በፈረሱላ ከሆነ ኪሎው 400 ብር ነው ማለት ነው። የኒውዮርክ ዋጋ ደግሞ በፓውንድ ነው፤ አንድ ፓውንድ 0.4536 ኪሎ ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. የኒውዮርክ አረቢካ ከ4 ዶላር በላይ ሲወጣ፣ ያ በኪሎ ወደ 8.82 ዶላር ገደማ ነበር። ይሄ ወደፊት የሚረከቡት ቡና የውል ዋጋ እንጂ ነገ በር ላይ የሚከፈል አይደለም። ላኪዎች፣ የውጭ ዋጋ ስትለጥፉ ይህችን አንዲት መስመር ጨምሩ።

2. ጥቅም ያለው ሰው ይናገር

እኔ ደላላ ነኝ። ኮሚሽን የማገኘው ዕቃ ሲንቀሳቀስ ነው። ይህን የማታውቁ ከሆነ የምለጥፈውን ዋጋ በትክክል መመዘን አትችሉም። ነጋዴውም እንደዚያው፦ መጋዘኑ የሞላ ሰው ዋጋ ሲጨምር ደስ ይለዋል፤ ሊገዛ የተዘጋጀ ሰው ሲቀንስ ደስ ይለዋል። ይህ ነውር አይደለም፤ ነውሩ መደበቁ ነው። ስለዚህ ሕግ አውጡ፦ ዋጋ የሚለጥፍ ሰው «ሻጭ ነኝ»፣ «ገዢ ነኝ» ወይም «ደላላ ነኝ» ብሎ ይጻፍ።

አድሚኖችም ከአንድ ወገን ብቻ አይሁኑ። አንድ ከዩኒየን፣ አንድ ከነጋዴ፣ አንድ ከላኪ ወይም ከላኪ ወኪል ይሁን። ሦስቱ እርስ በርሳቸው ይጠባበቃሉ።

3. አታጥፉ፣ አርሙ

የተሳሳተ ዋጋ ሲለጠፍ ብዙ አድሚን ዝም ብሎ ይሰርዘዋል። ግን ያነበበው ሰው አንብቦታል፤ ምናልባት ደውሎ ተስማምቶበታል። ኤዲት ማድረግም አይፈታውም፤ ምልክት ቢቀርም አባላት የድሮውን ቁጥር አያዩትም። ትክክለኛው አሠራር ከሥሩ «እርማት» ብሎ አዲሱን ዋጋ በሪፕላይ ማስቀመጥ ነው። የሚሰረዘው ስድብ፣ ማጭበርበርና ከርዕሱ ውጪ የሆነ ነገር ነው።

ቅጣትን ከዕድሮቻችን ተማሩ። ዕድር በመጀመሪያ ቀሪ አባሉን አያባርርም፤ ይመክራል፣ ከዚያ ይቀጣል፣ በመጨረሻ ነው የሚያስወጣው። ግሩፕም እንዲሁ ይሁን፦ መጀመሪያ በውስጥ መስመር ማስታወሻ፣ ቀጥሎ ለአንድ ሳምንት እንዳይለጥፍ ማገድ፣ ከዚያ ማስወጣት። አንድ ነገር ግን ወዲያው ያስወጣል፦ የአድሚን ስምና ፎቶ ገልብጦ «ቀብድ በቴሌብር ላኩ» የሚል። ፎቶና ስም ማንም ሊገለብጥ ይችላል፤ ዩዘርኔሙን እዩ፣ ደውላችሁ ድምፁን ስሙ።

4. ዝም ያለውን አትናቁ

የኢንተርኔት አጠቃቀም አጥኚው ያኮብ ኒልሰን እንደሚለው በእንዲህ ያለ ስብስብ ከ100 ሰው 90 ያህሉ ያነብባል፣ 9 አልፎ አልፎ ይናገራል፣ 1 ደግሞ ብዙውን ይጽፋል። በእኛ ግሩፕ ዝም የሚለው ብዙ ጊዜ አርሶ አደሩ ነው፤ ስልኩም የልጁ ሊሆን ይችላል። «ካልጻፍክ ውጣ» አትበሉት።

በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ የከፈተው 8028 የአርሶ አደሮች መስመር ጥሩ ትምህርት ነው። ምክሩን በድምፅ ስላቀረበ ማንበብ የማይችልም ተጠቀመበት። እናንተም ቢያንስ በገበያ ቀን ዋጋውን በአጭር የድምፅ መልእክት ድገሙት። ስለ ዝርያ ወይም ስለ ተባይ ወሬ ሲመጣ ደግሞ ስሪንቃ ግብርና ምርምር ማዕከል አጠገባችን ነው፤ ጠይቃችሁ ለጥፉ።

5. መረጃ መለዋወጥ ሌላ፣ ዋጋ መወሰን ሌላ

«ትናንት በዚህ ሸጥኩ» ማለት መረጃ ነው። «ከነገ ጀምሮ ማናችንም ከዚህ በላይ አንግዛ» ማለት ግን ስምምነት ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተወዳዳሪ ነጋዴዎች ተነጋግረው ዋጋ እንዳይወስኑ ይከለክላል፤ በቴሌግራም ስለተባለም አይቀልም። እንዲህ ዓይነት መልእክት ሲመጣ አድሚኑ ወዲያው ያስቁም።

6. ኔትወርክ ሲጠፋስ?

ይህን ለእኛ አካባቢ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ በጦርነቱ ወቅት ወልድያ ከሌላው ጋር መገናኘት አቅቷት ከርማለች፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጧል። ዋጋ የማያውቅ ሰው በጣም የሚበላው ያኔ ነው። ስለዚህ ኔትወርክ ሳለ የወረቀት ዝርዝር አዘጋጁ፦ ከየገበያው አንድ ታማኝ ሰው፣ ስልክ ሲሠራ ለአምስት ሰው የሚደውል፤ አምስቱም ለአምስት ለአምስት የሚያደርሱ። በሁለት ዙር 30 ሰው ይደርሳል ማለት ነው። ዝርዝሩን በየሦስት ወሩ አድሱት፤ ለማያስፈልገው ሰውም አትስጡት፣ የሰው ስልክ አደራ ነው።

ለመጀመር ከ20 እስከ 30 ሰው ይበቃል። መጀመሪያ ስድስቱን ነጥብ የሚያሟላ ዋጋ ለአንድ ወር ሳታቋርጡ ለጥፉ፤ ከዚያ በሩን ክፈቱ። ቀድሞ የገባው ሰው ልማዱን ለሚመጣው ያስተምራል።

ለማኅበራችሁ ሰብሳቢና ለአድሚኖቻችሁ ሼር አድርጉት። መልካም ገበያ!