የሰልፊ ዘንግ በመዝናኛ ሥፍራ፤ የአያያዙ ሥርዓትና የባለቤቱ ድርሻ

ሰው የራሱን ፎቶግራፍ በራሱ እጅ ለማንሣት ሲፈልግ ካሜራውን ከክንዱ ርዝመት በላይ ሊያርቀው አይችልም። ስለዚህ ፊቱ ሥዕሉን ይሞላዋል፤ አብረውት የመጡት ቤተ ሰቦቹና ከበስተ ኋላው ያለው የሚያምር ሕንፃ ግን ከሥዕሉ ውጭ ይቀራሉ። የሰልፊ ዘንግ የተበጀው ይህን ጉድለት ለማስወገድ ነው። ሲታጠፍ ከረጢት ውስጥ የሚገባ፣ ሲዘረጋ አንድ ሜትር ያህል የሚሆን፣ በጫፉም ስልክ የሚጨብጥ መያዣ ያለው ቀላል ዕቃ ነው።

ዕቃው አዲስ ይምሰል እንጂ አሳቡ ቈየት ያለ ነው። ሚኖልታ በተባለው የጃፓን የካሜራ ኩባንያ ይሠራ የነበረው ሂሮሺ ኡኤዳ ይህን የመሰለ ዘንግ በ1980ዎቹ ዓመታት ፈጥሮ መብቱን አስመዝግቦ ነበር (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው)። ገበያ ግን አላገኘም። በ1995 እንዲያውም ጥቅም የለሽ የተባሉ የጃፓን ፈጠራዎችን በሰበሰበ አንድ መጽሐፍ ውስጥ ለመሳቂያ ገባ። ስልኮች የፊት ካሜራ ካገኙ በኋላ ያው መሳቂያ ዕቃ በዓለም ገበያ ተትረፈረፈና ታይም መጽሔት በ2014 ከዓመቱ ምርጥ ፈጠራዎች መካከል ቈጠረው።

በዝቶ የታየበት ቦታ ሁሉ ግን ቅሬታ ተከተለው። በዚህ ረገድ ለነጋዴ ከሁሉ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው የአሜሪካው የዲዝኒ ኩባንያ ያሳለፈው ነገር ነው። ኩባንያው በመጀመሪያ ዘንጉን የከለከለው በመጫወቻዎቹ ላይ ብቻ ነበር። በየመጫወቻው መግቢያ ማስታወቂያ ተሰቀለ፤ ሠራተኞችም ለእንግዶች በቃል ያሳስቡ ነበር። በግቢው ውስጥ በእግር ለሚዘዋወር ሰው ግን ዘንጉ የተፈቀደ ነበር። እንዲህ ያለው ደንብ ሲያዩት ለሁሉም የሚስማማ ይመስላል።

ነገር ግን በሰኔ ወር 2015 በካሊፎርኒያው መናፈሻ ውስጥ፣ ካሊፎርኒያ ስክሪሚን ይባል በነበረው ሮለር ኮስተር ላይ አንድ ተሳፋሪ ጒዞው ከተጀመረ በኋላ ዘንጉን አወጣ። መጫወቻው በግድ ቆመ፤ ተሳፋሪዎቹም እንዲወርዱ ተደረገ፤ አንድ ሰዓት ያህልም አገልግሎቱ ተቋረጠ። ይህ ባቡር ሲነሣ በሰዓት 88 ኪሎ ሜትር ያህል ፍጥነት የሚያገኝ ሲሆን፣ ይህም በአንድ ሴኮንድ 24 ሜትር መሄድ ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት ላይ ከእጅ ያመለጠ ዘንግ ስልኩን እንደ ተሸከመ የሚያርፈው በባለቤቱ ላይ ሳይሆን ከኋላው በተቀመጠው ሰው ላይ ነው። ከሐዲዱ አጠገብ ያለውን ብረት ቢነካ ደግሞ ጒዳቱ ለያዘው እጅ ይተርፋል።

ከዚህ በኋላ ኩባንያው ከሰኔ 30 ቀን 2015 ጀምሮ በፍሎሪዳና በካሊፎርኒያ መናፈሻዎቹ፣ በማግሥቱም በፓሪስና በሆንግ ኮንግ፣ ዘንጉ ከበሩ እንዳያልፍ ከለከለ። የፊተኛው ደንብ ያልጸናበት ምክንያት ግልጥ ነው። ደንቡን የማስከበሩ ሸክም የወደቀው ባቡሩን በሚያስነሣው ሠራተኛ ላይ ነበርና። እርሱ ደግሞ ቀበቶ ይፈትሻል፤ ሕፃናትን ያስቀምጣል፤ ወረፋውን ያስተናግዳል፤ ባቡሩ ከሄደ በኋላ ከኪስና ከከረጢት የሚወጣውን ሁሉ ሊያይ አይችልም። የበሩ ፈታሽ ግን ከረጢቱን መመልከቱ ስለማይቀር ተጨማሪ ድካም የለበትም። እንግዳውም ቢሆን በሺሕ ሕዝብ ፊት ከመገሠጽ በበሩ ላይ በጨዋ ቃል ቢነገረው ይወዳል። ዘንግ ይዞ የመጣ እንግዳ ወደ መኪናው እንዲመልሰው ወይም ለእንግዳ መቀበያው ክፍል በዐደራ እንዲሰጥ ዕድል ነበረው።

አንዳንድ ሰዎች ኩባንያው ራሱ ፎቶግራፍ እያነሣ ስለሚሸጥ ዘንጉን የከለከለው ለገበያው ነው ብለው ይጠረጥራሉ። የፎቶግራፍ ንግድ ያለው መሆኑ እውነት ነው፤ ሆኖም የኩባንያው ፎቶግራፍ አንሺዎች ሲለመኑ በእንግዳው በራሱ ስልክ ያለ ዋጋ ማንሣታቸው ጥርጣሬውን ያለዝበዋል። ዛሬም ቢሆን ክልከላው ጸንቶ ሳለ፣ በተራ የጀርባ ቦርሳ የሚገባና ሲዘረጋ ከ6 ጫማ የማይበልጥ ባለ እግር የካሜራ ማቆሚያ ይዞ መግባት ይፈቀዳል። ማቆሚያው መሬት ረግጦ ይቆማል፤ ዘንጉ ግን ከሰው ራስ በላይ ይወዛወዛል።

ዘንጉን ያልከለከሉ ወይም በመጫወቻዎች ላይ ብቻ የከለከሉ መናፈሻዎችም አሉና በእነዚህ የሚዘዋወር እንግዳ የባልንጀራውን መብት ማወቅ ይገባዋል። ዘንግ የሚዘረጋው ቆመው እንጂ እየተራመዱ አይደለም፤ ከመዘርጋትም በፊት ዘወር ብሎ ከኋላና ከጎን ማን እንዳለ ማየት ያስፈልጋል። ስልኩን በመልካም የሚያነሣው ሰው ዐይኑን በስልኩ ላይ ተክሎ ወደ ኋላ እንደሚያፈገፍግ የታወቀ ነው፤ የሕፃን ጋሪ የሚገፉ እናትና ሽማግሌዎች ደግሞ የሚያልፉት በዚያው በኩል ነው። ወረፋ ላይ ሰው ከሰው ተጠጋግቶ ስለሚቆም ዘንግ መዘርጋት ፈጽሞ አይገባም። ሥዕሉ እንደ ተነሣ ወዲያው ማጠፍ ይሻላል።

ከሁሉ የሚከፋው በሰልፍ ትርዒትና በርችት ጊዜ የሚደረገው ነው። ሕፃናት ከፊት መስመር ቦታ ለማግኘት ከወላጆቻቸው ጋር ረጅም ጊዜ ይጠብቃሉ፤ የሚጠብቁት ሰልፍ በደረሰ ጊዜ ግን ከፊታቸው ዘንግ ከነስልኩ ይነሣና የሚያዩት የስልኩን መስታወት ብርሃን ይሆናል። በዚህ ጒዳት ደም የፈሰሰ ሰው የለምና ማንም አይመዘግበውም። ከመናፈሻው ሲወጣ የሚያማርር አባት ግን ገንዘቡን የከፈለው ለሰልፉ እንጂ ለሌላ ሰው ስልክ አልነበረም። በጨለማ አዳራሽ ውስጥም ነገሩ ይኸው ነው።

ዘንግ በሌለበት ጊዜ ደግሞ ጥንታዊው መንገድ አለ፤ ይኸውም አላፊ አግዳሚውን «እባክዎ፣ አንድ ጊዜ ያንሡን» ብሎ መለመን ነው። የተለመነውም ሰው አብዛኛውን ጊዜ ደስ ብሎት ያነሣል፤ በተራውም እንዲነሣ ይጠይቃል።

ዘንጉን አስመጥቶ የሚሸጥ ነጋዴም ድርሻ አለው። በብሉቱዝ የሚሠራው ዐይነት ሬዲዮ አስተላላፊ መሣሪያ ስለ ሆነ የደቡብ ኮርያ መንግሥት በኅዳር ወር 2014 ፈቃድ የሌለውን የሚሸጥ ሰው እስከ 30 ሚሊዮን ዎን መቀጫ ወይም እስከ 3 ዓመት እስራት እንደሚጠብቀው አስታውቋል። እንግዲህ አስመጪ ዕቃውን ከማዘዙ በፊት የአገሩን የመገናኛ ደንብ ማጣራት አለበት። ሱቁ በመናፈሻ በር አጠገብ የሆነ ቸርቻሪ ደግሞ ዘንጉ ወደ ውስጥ እንደማይገባ እያወቀ ዝም ብሎ ቢሸጥ፣ ገዢው ከበሩ ተመልሶ ገንዘቡን ሊጠይቅ መምጣቱ አይቀርም። በሱቁ መስኮት ላይ «ይህ ዕቃ በመናፈሻው ውስጥ አይፈቀድም» የሚል ወረቀት መለጠፍ የሚጠይቀው አንድ ደቂቃ ነው፤ ሳይነገረው የገዛ ሰው ከመጣም ዕቃው እስካልተበላሸ ድረስ መልሶ መቀበል ይገባል።