ሠራተኛው ድረ ገጹን እንዲከፍት

ባለፈው ሴሚስተር አንድ ወንድማችን የፈተናው ሰዓት መቀየሩን ሳይሰማ ፈተናው አመለጠው። ማስታወቂያው የተለጠፈው የዲፓርትመንቱ በር ላይ ብቻ ነበር። ድረ ገጽ እያለ ለምን? ሠራተኛው ራሱ ስለማይከፍተው ነው።

ከድር ታሪክ አንድ ትምህርት እንውሰድ። ቲም በርነርስ ሊ በ1989 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ አጠገብ በሚገኘው የሰርን የምርምር ማዕከል የድርን ሐሳብ ሲያቀርብ ብዙ ተቀባይ አላገኘም። በኋላ ግን እሱና ባልደረቦቹ ሁሉም የሚፈልገውን የማዕከሉን የስልክ ማውጫ ድር ላይ አወጡት። ሠራተኛው ቁጥር ሲፈልግ ድርን ለመደ። ሰው ድረ ገጽ የሚከፍተው ስላማረ ሳይሆን ጉዳዩን ስለሚጨርስለት ነው።

እኛም ለዩኒቨርሲቲያችን ይህን እናቅርብ፦

1. የፈተና ፕሮግራምና የመምህራን የቢሮ ሰዓት መጀመሪያ ድረ ገጹ ላይ ይውጣ፤ በቴሌግራም ሊንኩ ይላክ።
2. በየዲፓርትመንቱ ለአንድ ሠራተኛ የይለፍ ቃልና አጭር ሥልጠና ይሰጥ፤ ገጹ የታደሰበትን ቀን ያሳይ።
3. ማስታወቂያ በፎቶ ሳይሆን በጽሑፍ ይውጣ፤ ሲፈለግ ይገኛል፣ በትንሽ ዳታም ይከፈታል።

ሥልጠናውን ለማገዝ የምንችል እጃችንን እናውጣ። ኢንሻአላህ፣ ከእንግዲህ በማስታወቂያ ምክንያት ፈተና የሚያመልጠው አይኖርም።