ለደባርቅና ለሊማሊሞ መንገድ የሚስማማ የጎማና የቸርኬ አመራረጥ

ጎማ ፈጥነው ከሚያልቁና ደጋግመው ከሚሸጡ የመኪና ዕቃዎች አንዱ ስለ ሆነ፣ ለአስመጪውም ለባለሱቁም የታወቀ ገበያ ያለው ሸቀጥ ነው። ይሁን እንጂ ላንዱ አገር መንገድና አየር ተብሎ የተሠራው ጎማ ለሌላው አገር ሳይስማማ ሲቀር፣ ገዢው ገንዘቡን፣ ሻጩም አመኔታውን ያጣል። መንገዱ ገደላማ በሆነ ጊዜ ደግሞ ጉዳቱ ከገንዘብ አልፎ እስከ ሕይወት ይደርሳል። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ትምህርት ዝቅ ብለው የተሠሩ የስፖርት መኪናዎችና እነርሱን የመሰሉ አውቶሞቢሎች ወደ ዳባት፣ ወደ ደባርቅና ወደ ስሜን ግርጌ በሚጓዙበት ጊዜ፣ ምን ዐይነት ቸርኬና ጎማ ሊደረግላቸው እንደሚገባ ያስረዳል።

፩. የመንገዱና የአየሩ ጠባይ

ከጎንደር የተነሣ መኪና በአምባ ጊዮርጊስ አድርጎ፣ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ዳባት፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ደባርቅ ይደርሳል። ደባርቅ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,800 ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ከተማ ናት። ከዚያ መንገዱ ይለያያል። አንደኛው በ1962 ዓ.ም. በሕግ ወደ ተከለለው ወደ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ገብቶ በሳንቃ በርና በጨነቅ በኩል ጠጠርና ድንጋይ በበዛበት ፒስታ ይወጣል። ሁለተኛው በኢጣልያ ወረራ ዘመን ገደሉ እየተፈለጠ የተሠራው የሊማሊሞ መንገድ ነው፤ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ያደርሳል።

በስሜን ከፍታ ላይ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ በራስ ዳሸንና በቧሂት አናት ላይ አንዳንድ ጊዜ አመዳይ ይታያል። ነገር ግን ፀሐይ ከወጣች በኋላ መሬቱ ይሞቃል። ጧት በብርድ ከደባርቅ የተነሣው መኪናም በዚያው ቀን በቆላ ሐሩር ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ ለዚህ አገር የሚመረጠው ጎማ ብርዱንም ሙቀቱንም የሚችል መሆን አለበት።

፪. የአውሮፓ ልማድና የስሙ አሳሳችነት

በቀዝቃዛው የአውሮፓ ክፍል ያሉ ባለመኪናዎች ብርዱ ሲገባ ሁለት ነገር በአንድነት ይለውጣሉ። በመጀመሪያ ሰፊውንና ትልቁን ቸርኬ አውርደው ትንሹን ያገባሉ፤ ቀጥሎም ለአመዳይ የተሠራውን ጎማ ያለብሱታል። በጀርመን አገር መንገዱ በአመዳይ ወይም በግግር በረዶ በተሸፈነ ጊዜ ያለዚህ ጎማ መንዳት ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በግልጽ ሕግ ተከልክሏል።

ይህ ጎማ በእነርሱ ቋንቋ በቀዝቃዛው ወራት ስም ይጠራል። ስሙ ወደ አማርኛ በቀጥታ ሲመለስ «የክረምት ጎማ» ይሆናል፤ ስሕተቱም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። የአውሮፓ ክረምት የኢትዮጵያ በጋ ነው፤ የኢትዮጵያ ክረምት ግን የዝናብና የጭቃ ወራት ነው። ገዢው «የክረምት ጎማ» ሲባል በሰኔና በሐምሌ ጭቃ የሚያገለግለው ይመስለዋል፤ ጥልቅ ጥርሱንም አይቶ ይደሰታል። የዚህ ጎማ ላስቲክ ግን ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች በሆነ ብርድ እንዳይደርቅ ተብሎ ለስልሶ የተሠራ ነው። በሞቃት መንገድ ላይ ጥርሱ ይተጣጠፋል፤ ቶሎ ያልቃል፤ በደረቅም ሆነ በርጥብ አስፋልት ላይ መኪናው ለመቆም የሚፈልገው ርቀት ይረዝማል። ለሊማሊሞ ቁልቁለት ከዚህ የከፋ ጠባይ የለም።

ያገለገለ መኪና ወይም ጎማ ከቀዝቃዛ አገር በሚመጣበት ጊዜ ይህን ጎማ ይዞ ሊመጣ ይችላል። መለያውም በጎማው ጎን ላይ ያለው ሦስት ጫፍ ያለው የተራራ ሥዕል በውስጡም የአመዳይ ቅንጣት ምልክት ነው። የተራራው ሥዕል ለተራራ መንገድ የተሠራ ነው ማለት አይደለም። ይህን ምልክት ይዘው ለሁሉም ወራት የሚያገለግሉ ጎማዎችም ስላሉ፣ አስመጪው ከአምራቹ መግለጫ ለየትኛው ወራት እንደ ተሠራ ማረጋገጥ ይገባዋል። «ኤም» እና «ኤስ» የሚሉት ፊደላት ብቻ ያሉበት ጎማ ግን ለጭቃና ለአመዳይ የሚሆን የጥርስ ቅርጽ እንዳለው አምራቹ ይገልጽበታል እንጂ፣ በአመዳይ ላይ መፈተኑን አያስረዳም።

፫. ቸርኬን ማሳነስ ስለሚሰጠው ጥቅም

ከአውሮፓውያኑ ልማድ ለስሜን የሚጠቅመው አንደኛው፣ ማለት ቸርኬውን ማሳነስ ነው። ቸርኬው ሲያንስ የጎማው ጎን ይረዝማል፤ በድንጋይና በጉድጓድ ላይ ሲያልፍም ጎኑ ተለምጦ ምቱን ይቀበላል። ጎኑ አጭር የሆነ ጎማ ግን ድንጋይ ሲመታው በቸርኬውና በድንጋዩ መካከል ተቆንጥጦ ይፈነዳል፤ ቸርኬውም ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል።

ስሌቱም እንደሚከተለው ነው። በጎማው ላይ 225/45 አር 17 ተጽፎ ቢገኝ፣ 225 በሚሊሜትር የጎማው ወርድ፣ 45 የጎኑ ቁመት ከወርዱ በመቶኛ፣ 17 ደግሞ የቸርኬው ስፋት በኢንች ነው። የጎኑ ቁመት 101 ሚሊሜትር ያህል፣ የመላው ጎማ ቁመት 634 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል። በዚህ ፈንታ 205/55 አር 16 ቢደረግ የመላው ቁመት 632፣ 195/65 አር 15 ቢደረግ ደግሞ 634 ሚሊሜትር ግድም ነው። በመጨረሻው የጎኑ ቁመት ወደ 127 ሚሊሜትር ከፍ ብሏል፤ የፍጥነት መለኪያውም አልተዛባም።

ባለሱቁ ቸርኬውን ብቻ አይቶ 195/55 አር 15 ቢሰጥ ግን የመላው ቁመት ወደ 596 ሚሊሜትር ይወርዳል። ያን ጊዜ የመኪናው ሆድ 19 ሚሊሜትር ወደ መሬት ይቀርባል፤ መለኪያውም 60 ሲያሳይ መኪናው የሚሄደው 56 ብቻ ይሆናል። ድንጋይ ለመሸሽ ተብሎ የተገዛው ጎማ መኪናውን ከድንጋይ ጋር ያጋጨዋል ማለት ነው።

የመሸከም ቁጥሩም ሊዘነጋ አይገባም። 91 ማለት አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ግራም ይሸከማል ማለት ነው። አዲሱ ጎማ የመኪናው አምራች ካዘዘው ቁጥር በታች እንዳይሆን ያስፈልጋል። ጠባቡ ጎማ በአስፋልት ጥምዝ ላይ እንደ ሰፊው አጥብቆ ስለማይዝ፣ ነጂው ፍጥነቱን መቀነስ እንዳለበት ሻጩ ሳይደብቅ ሊነግረው ይገባል።

፬. ስለ ፍሬንና ስለ ቡሎን

የስፖርት መኪና ፍሬን ትልቅ ስለ ሆነ ትንሹ ቸርኬ ላይገባ ይችላል። እንዲገባ ብሎ የፍሬኑን አካል መሞረድ ወይም ፍሬኑን በትንሽ መለወጥ በሊማሊሞ ቁልቁለት ሞትን መጥራት ነው። 15 የማይገባ ከሆነ 16 ይሞከር፤ 16 የማይገባ ከሆነ ባለበት ይተው።

የቡሎኖቹ ቁጥርና ርቀት፣ የመካከለኛው ቀዳዳ ስፋት፣ የቸርኬውም ወደ ውስጥ አገባብ ከመኪናው ጋር መስማማት አለባቸው። የብዙዎቹ የጀርመን መኪናዎች ርቀት 112 ሚሊሜትር፣ የብዙዎቹ የጃፓን መኪናዎች ደግሞ 114.3 ሚሊሜትር ነው፤ ልዩነቱ ለዐይን ትንሽ ቢመስልም፣ ተገድዶ የገባ ቸርኬ በመንገድ ላይ ይላላል። አዲስ የተገጠመ ቸርኬ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ ዳዶው እንደ ገና ይፈተሻል፤ በጎንደር የተገጠመ እንደ ሆነ ዳባት ላይ ቆሞ መፈተሽ ተገቢ ነው።

፭. ስለ ንፋስ ልክ

አየሩ በ5 ዲግሪ በቀዘቀዘ ቍጥር የጎማው ንፋስ አንድ ፒ ኤስ አይ ያህል ይቀንሳል። በሌላ በኩል፣ ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ የውጭው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው አንድ ወይም ሁለት ፒ ኤስ አይ ጨምሮ ያሳያል። ስለዚህ በግምት መሙላት ቀርቶ፣ ጧት መኪናው ሳይንቀሳቀስ ጎማው በቀዘቀዘበት ሰዓት መለካት ይገባል።

፮. ስለ ኤሌክትሪክ መኪናዎች

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ይህ ትምህርት ይበልጥ አስፈላጊ ሆኗል። ብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መኪናዎች ትልቅ ቸርኬና አጭር ጎን ያለው ጎማ ይዘው ይመጣሉ፤ ከባትሪው የተነሣም ክብደታቸው ይበዛል። ቸርኬያቸው ሲያንስ የመሸከም ቁጥሩ አብሮ እንዳይወርድ ጥንቃቄው እጥፍ መሆን አለበት።

እንግዲህ ሻጩ ገዢውን ሦስት ነገር ይጠይቀው፤ መኪናው ምን ዐይነት ነው? የሚሄደው ወዴት ነው? የሚጭነው ምን ያህል ነው? ከዚያም በጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ልክ፣ የመሸከም ቁጥርና የተሠራበትን ጊዜ አብሮት ያንብብ፤ 3523 ቢል በ2023 እ.ኤ.አ. በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ይህን የሚያደርግ ባለሱቅ ምናልባት ዛሬ አንድ ሽያጭ ይቀርበት ይሆናል፤ ከሊማሊሞ በደኅና የተመለሰው ደንበኛ ግን ሁለተኛውን ጎማ የሚገዛው ከእርሱ ዘንድ ነው።