የመደብሩ መዝገብ እንዳይጠፋ፦ በአነስተኛ ወጪ የሚገነባ የዳታቤዝ ሰርቨር

ሁርሶ ከድሬዳዋ በስተምዕራብ፣ በቀድሞው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የባቡር መስመር ላይ የምትገኝና በወታደራዊ ማሠልጠኛዋ የምትታወቅ አነስተኛ ከተማ ናት። አካባቢው ቆላ በመሆኑ ሙቀቱ ብርቱ ነው፤ አቧራም አይታጣም። በእንዲህ ያለ ስፍራ የሚሠራ አንድ የሸቀጣ ሸቀጥ መደብር የሽያጩን፣ የክምችቱንና የዱቤውን መዝገብ ከደብተር ወደ ኮምፒዩተር ቢያዛውር፣ መዝገቡ ከመብራት መቋረጥ፣ ከዲስክ ብልሽት፣ ከእሳትና ከሰው ስሕተት እንዴት ሊተርፍ ይችላል? የዱቤ መዝገቡ የጠፋበት ነጋዴ የሚያጣው ገንዘቡን ብቻ አይደለም፤ ማን ምን ያህል እንዳለበት ማስረዳት ስለሚሳነው ከደንበኞቹ ጋር ያለውን መተማመን ጭምር ያጣል። በዚህ ጽሑፍ ለእንዲህ ዓይነቱ መደብር የሚሆን ሰርቨር በአነስተኛ ወጪ እንዴት እንደሚገነባ፣ ከበስተጀርባው ያለውንም የፊዚክስና የፕሮባቢሊቲ ሐሳብ እንመለከታለን።

ምን ዓይነት ኮምፒዩተር ይበቃል?

ከማንኛውም ግዢ በፊት ስሌት ይቀድማል። መደብሩ በቀን 500 ሽያጭ ቢመዘግብና እያንዳንዱ ሽያጭ 1 ኪሎባይት ቢወስድ፣ የዓመቱ መዝገብ 500 × 365 = 182,500 ኪሎባይት፣ ማለትም 180 ሜጋባይት ያህል ይሆናል። የዐሥር ዓመቱ ተደምሮ እንኳ 2 ጊጋባይት አይሞላም። ስለዚህ ፈጣንና ውድ ማሽን አያስፈልግም፤ በመልካም ይዞታ ላይ ያለ ያገለገለ የቢሮ ኮምፒዩተር፣ በነፃ የሚገኘው ሊኑክስና በነፃ የሚገኘው የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ይበቃሉ። በዚህ የተቆጠበው ገንዘብ ለዲስክ፣ ለባትሪና ለመጠባበቂያ ቅጂ ይዋል። ማሽኑም ከወለል ከፍ ባለ፣ አየር በሚዘዋወርበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጥ፤ ማራገቢያውም በየጊዜው ከአቧራ ይጽዳ።

መብራት በድንገት ሲጠፋ

አንድ ደንበኛ አንድ ኩንታል ስኳር በዱቤ ወሰደ እንበል። በመዝገቡ ላይ ሁለት ለውጦች መደረግ አለባቸው፤ ክምችቱ ይቀንሳል፣ የደንበኛው ዕዳም ይጨምራል። መብራቱ በሁለቱ መካከል ቢጠፋ ስኳሩ ወጥቶ ዕዳው ሳይመዘገብ ይቀራል። ዳታቤዝ ይህን የሚከላከለው ሁለቱን ለውጦች አንድ ትራንዛክሽን አድርጎ በማሰር ነው፤ ወይ ሁለቱም ይፈጸማሉ፣ ወይ አንዳቸውም አይፈጸሙም። ለዚህም ሲባል ሊያደርግ ያሰበውን አስቀድሞ በልዩ የክንውን መዝገብ ላይ ይጽፋል፤ ኃይል ሲመለስም ያንን አንብቦ የተፈጸመውን ያጸናል፣ ያልተጠናቀቀውን ይሽራል።

ይህ ጥበቃ የሚሠራው ዲስኩ «ጽፌአለሁ» ሲል በእርግጥ ጽፎ ከሆነ ብቻ ነው። ብዙ ዲስኮች ግን መረጃውን ለጊዜው ኃይል ሲቋረጥ በሚጠፋ ማስታወሻ ላይ ያቆያሉ። ፖስትግሬስ መረጃው እስከ ዲስኩ ገጽ ድረስ እንዲወርድ ያስገድዳል፤ ፍጥነት ለመጨመር ሲባል ይህን ማስገደጃ ማጥፋት ግን መዝገቡን ለአደጋ ማጋለጥ ነው።

ዩፒኤስም ያስፈልጋል። ባለ 12 ቮልትና 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ በስም 12 × 7 = 84 ዋት-ሰዓት ኃይል ይይዛል። ማሽኑ 60 ዋት ቢወስድና ከባትሪው የሚወጣው ኃይል ሲለወጥ 20 በመቶው ቢባክን፣ 84 × 0.8 ÷ 60 ከአንድ ሰዓት ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይሰጠናል። ሆኖም የእርሳስ ባትሪ አቅሙ የሚለካው ቀስ ብሎ ሲፈስ ስለሆነ፣ በፍጥነት ሲፈስ የሚሰጠው ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ሙቀትም ዕድሜውን ያሳጥራል። ስለዚህ ዩፒኤስ ማሽኑን በሥርዓት ለመዝጊያ እንጂ መብራት እስኪመለስ ሲሠሩ ለመቆያ አይታሰብ፤ ባትሪው ሲደክም ማሽኑ ራሱን እንዲዘጋም ይስተካከል።

ሁለት ዲስኮች እንደ መስታወት

እ.ኤ.አ. በ1988 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የነበሩት ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ ብዙ ርካሽ ዲስኮችን በማቀናጀት አስተማማኝ ማከማቻ ማግኘት እንደሚቻል የሚያሳይ ጥናት አወጡ። ዘዴው ሬይድ ይባላል። ለእኛ የሚመቸው ቀላሉ ዓይነት፣ አንዱን መረጃ በሁለት ዲስኮች ላይ እኩል የሚጽፈው ነው፤ ሊኑክስም ያለ ተጨማሪ መሣሪያ ይሠራዋል።

ጥቅሙን በምሳሌ እንየው። አንድ ዲስክ በዓመት ውስጥ የመበላሸት ዕድሉ 5 በመቶ ነው፣ የተበላሸውንም በ7 ቀናት ውስጥ እንተካለን ብለን እንነሣ። መረጃው የሚጠፋው በእነዚያ 7 ቀናት ውስጥ ሁለተኛውም ከተበላሸ ነው፦

2 × 0.05 × 0.05 × 7/365 ≈ 0.0001

ይህም ከ10,000 አንድ ነው። ውጤቱ ያስደስታል፤ ይሁንና ስሌቱ የሁለቱ ዲስኮች ብልሽት አንዱ ከሌላው ነፃ ነው በሚል ግምት ላይ ቆሟል። ሁለቱም በአንድ ሳጥን ውስጥ፣ በአንድ የኃይል ምንጭ ላይ ናቸው። የኤሌክትሪክ ግፊት፣ እሳት ወይም ስርቆት ሁለቱን አንድ ላይ የማጥፋቱ ዕድል በዓመት 2 በመቶ ቢሆን፣ ይህ ከ50 አንድ ማለት ነው፤ ካገኘነው ቁጥር 200 እጥፍ ይበልጣል። ከዚህም በላይ ሠራተኛው በስሕተት መዝገብ ቢሰርዝ ሬይድ ስረዛውን ወዲያውኑ በሁለቱም ላይ ይፈጽመዋል። ሬይድ ሥራ እንዳይቋረጥ ያደርጋል እንጂ የመጠባበቂያ ቅጂን አይተካም።

ዕጣው የተለየ ቅጂ

በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ በድሬዳዋ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲገድል፣ ቤቶችን ከነንብረታቸው ጠርጎ ወስዷል። በአንድ ቤት ውስጥ የተቀመጡ ቅጂዎች ዐሥርም ቢሆኑ በእንዲህ ያለ ሌሊት እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ፎቶግራፍ አንሺው ፒተር ክሮግ ያስፋፋው ደንብም ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱም ከቤት ውጭ የሚል ነው።

ለሁርሶው መደብር ይህ ሊከናወን የሚችለው እንደሚከተለው ነው። በየምሽቱ ሽያጭ ሲያበቃ የዳታቤዙ የቅጂ ማውጫ ፕሮግራም ሙሉ ቅጂ አውጥቶ በውጫዊ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፤ እየሠራ ያለን ዳታቤዝ ፋይሎች እንዲሁ መገልበጥ ግን እርስ በርሱ የማይጣጣም ቅጂ ሊሰጥ ይችላል። ቅጂው ሲያልቅ ዲስኩ ከማሽኑ ይነቀላል። ሁለት ውጫዊ ዲስኮች ይኑሩ፤ አንዱ በመደብሩ ሲቆይ ሌላው ዕቃ ለማምጣት ድሬዳዋ በሚኬድበት ቀን ተወስዶ፣ ከወንዝ ዳር ራቅ ባለ የዘመድ ቤት ይቀመጥ። በየሳምንቱም ይለዋወጡ። ከቤት የሚወጣው ቅጂ በምስጢር ቁልፍ ይቆለፍ፤ ቁልፉም በወረቀት ተጽፎ ከዲስኩ ተለይቶ ይቀመጥ። ለረጅም ጊዜ ሳይሰካ ለሚቀመጥ ቅጂ ማግኔታዊ ዲስክ ከፍላሽ ይመረጣል፤ ፍላሽ መረጃን የሚይዘው በታሠሩ ኤሌክትሮኖች ሲሆን፣ ሙቀት ሲጨምር ኤሌክትሮኖቹ ቶሎ ያመልጣሉና።

ይህ አሠራር የሚያስከፍለውንም እንወቅ። መደብሩ ቢቃጠል የሚጠፋው ቢበዛ የአንድ ሳምንት መዝገብ ነው። ይህ የሚበዛበት ነጋዴ የየዕለቱን ቅጂ በኢንተርኔት ወደ ሌላ ቦታ መላክ ይችላል፤ በዓመት ከ200 ሜጋባይት የማይበልጥ መዝገብ ሲጨመቅ ለዝግተኛ መስመርም አይከብድም።

ያልተፈተነ ቅጂ

መልሶ ያልተነበበ ቅጂ መኖሩ እንጂ መሥራቱ አይታወቅም። ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ ቅጂው በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ይመለስና የዱቤው ጠቅላላ ድምር ቅጂው በተወሰደበት ምሽት ታትሞ ከተቀመጠው ድምር ጋር ይነጻጸር። ይህን ከአደጋው በኋላ ለመጀመር ማሰብ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚያሰኝ ነው።

ለአንባቢያን መልመጃ፦ በመደብሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ የሚያጠፋ አደጋ በዓመት 2 በመቶ፣ ድሬዳዋ ያለውን ቅጂ የሚያጠፋው ደግሞ 3 በመቶ ዕድል ቢኖረው፣ ሁለቱም በአንድ ዓመት ውስጥ የመድረሳቸው ዕድል ስንት ነው? ስሌቱ የቆመበት ግምት የቱ ነው? ሁለተኛው ቅጂ ከመደብሩ አጠገብ ባለው ቤት ቢቀመጥስ ያ ግምት ይጸናልን?