ሲሮጡ የታጠቁት

ልጄ፣

የእንቁጣጣሽ ዕለት ዶሮው ሳይቀርብ «አጎቴ፣ ዘንድሮ ታላቁ ሩጫን እሮጣለሁ» አልሽኝ። አክስትሽ ሳቀች። እኔ ግን የራሴ ነገር ትዝ አለኝ።

በ49 ዓመቴ ሐኪም «ደም ግፊትህ ከፍ ብሏል፤ ተንቀሳቀስ» አለኝ። በማግስቱ ማለዳ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ከሚሮጡ ወጣቶች ኋላ ተሰለፍኩ። አራት ቀን እየተንገታገትኩ ተከተልኳቸው። በአምስተኛው ቀን ቅልጥሜ እንደ ጥርስ ሕመም ይጠዘጥዘኝ ጀመር፤ ሁለት ወር ሙሉ ጉዞዬ ከወንበር ወደ አልጋ ሆነ። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለውን ተረት ያን ጊዜ በእግሬ ተማርኩት። ዛሬ 63 ዓመቴ ነው፤ አሁንም እሮጣለሁ። ማንንም ቀድሜ አላውቅም። ያለኝ ምክር አንድ ነው፤ ራስሽን ያዝ አድርጊ። እንዳይረሳሽ በዘጠኝ ቁጥር ከፋፍዬ ጻፍኩልሽ።

1. ከሚያሳፍርሽ ፍጥነት ጀምሪ። መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ያህል በእግርሽ ተራምደሽ ሰውነትሽን አሙቂ። ከዚያ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፤ ይህን ስምንት ጊዜ። የመጀመሪያው ሳምንት በዚህ ይበቃል። ሶምሶማሽ አጠገብሽ የሚራመድ ሰው ሊቀድምሽ እስኪደርስ ቢዘገይ አትጨነቂ። የፍጥነት መለኪያሽ ምላስሽ ይሁን፤ ትናንት ያየሽውን ፊልም ሳትቆራርጪ ማውራት ከቻልሽ ልክ ነሽ፣ ቃላቱ ከተበጣጠሱብሽ ቀንሺ። ደግሞ የምትሮጪው አዲስ አበባ ላይ መሆኑን አትርሺ። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ አየሩ ስስ ነው፣ ለሁሉም ሰው ያጥራል። ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን የእንጦጦን ዳገት ለከርሞ አቆዪው።

2. አንድ ቀን ሩጪ፣ አንድ ቀን እረፊ። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ። ሦስት ቀን በቂ ነው። ምክንያቱን ልንገርሽ፤ እኔን የጣለኝ ይህን አለማወቄ ነው። ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንት ይለምዳሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። አራተኛው ሳምንት አካባቢ ትንፋሽሽ «አሁን እችላለሁ» ይልሻል። ቅልጥምሽ ግን ወሬውን ገና አልሰማም። ብዙ ጀማሪ የሚሰበረው እዚህች ላይ ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ በሩጫው ላይ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ ብቻ ጨምሪ፤ የከበደሽን ሳምንት ድገሚው። ክፍል መድገም ያሳፍር ይሆናል፤ ሳምንት መድገም አያሳፍርም። እንዲህ ከሄድሽ ሁለት ወር ሲሞላሽ አሥር ደቂቃ ሮጠሽ አንድ ደቂቃ መራመድ ትደርሻለሽ። ኅዳርም ያን ጊዜ ይገባል።

3. ጫማሽን ከእግርሽ ጋር አማክሪ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ እዚህ አዲስ ዓመት ሊብት ሲል፣ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ አሸነፈ። ይህን የማያውቅ የለም። የሚረሳው ነገር ግን አለ፤ ጫማው ስላልተመቸው ነው የተወው፣ እግሩም ባዶውን መሮጥ የለመደ ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ ደገመው። ትምህርቱ የሚመችሽን አድርጊ ነው። ጫማ ልትገዢ ስትሄጂ እግር ውሎ ሲያብጥ፣ ከሰዓት በኋላ ሂጂ፤ ከአውራ ጣትሽ ፊት የአንድ ጣት ስፋት ቦታ ይትረፍ። ያገለገለ ከሆነ ገልብጠሽ ሶሉን እዪው፤ ባንድ ወገን ካለቀ ተዪው። ማሰሪያውን ደግሞ ቆመሽ፣ ረጋ ብለሽ እሰሪ። ተረቱ እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

4. ለስላሳ መሬት ፈልጊ። አስፋልት ለመኪና ነው የተሠራው። የጃን ሜዳ ሣር ወይም የአፈር መንገድ ጉልበትሽን ይምርልሻል። ባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ ከሆንሽ ዓይንሽ መሬት ላይ ይሁን፤ ቅጠሉ ሥሩን ይሸፍነዋል፣ ቁርጭምጭሚት የሚዞረውም እንደዚያ ነው።

5. ብቻሽን አትውጪ። ብርቱዎቹ ሯጮች ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይወጣሉ፤ አንቺ ግን ሰማዩ እስኪገላለጥ ጠብቂ፣ 12 ሰዓት ተኩል ደህና ነው። ጓደኛ መያዝ ለካፊን ዝም ያሰኛል፤ ብርድ ልብሱ በሚጣፍጥበት ማለዳም «ትጠብቀኛለች» የሚል ሐሳብ ከአልጋ ያወርድሻል። ጓደኛሽ ካንቺ የምትፈጥን ከሆነች ግን የምትሮጡት በአንቺ ፍጥነት ይሁን፤ እምቢ ካለች ሌላ ፈልጊ። ውሻ ከመጣብሽ አትሩጪ። ቁሚ፤ ድንጋይ እንደሚያነሳ ሰው ጎንበስ በዪ። የአዲስ አበባ ውሻ ይህን ቋንቋ ያውቃል፤ ድንጋዩ ባይኖርም አብዛኛውን ጊዜ ይሸሻል።

6. «ጥሩነሽ!» ሲሉሽ አትፍጠኚ። የሠፈር ልጆች «ጥሩነሽ! ደራርቱ!» እያሉ ይከተሉሻል። የሯጮቹ ስም ያሞቃል፤ ሳታስቢው እግርሽ ይነሳል፣ ከመታጠፊያው በኋላ ግን ወገብሽን ይዘሽ ትቆሚያለሽ። በ1972 ዓ.ም. ሞስኮ ላይ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ወርቅ የወሰደውን ምሩጽ ይፍጠርን አስቢ። «ማርሽ ቀያሪው» ያሰኘው መቼ እንደሚቀይር ማወቁ ነው። አሥር ሺህ ሜትር 25 ዙር ነው፤ የማሸነፊያዋን ማርሽ ለመጨረሻዋ ዙር አስቀምጧት ነበር። ላንቺ ለጊዜው አንደኛ ማርሽ ይበቃሻል። ለልጆቹ እጅሽን አውለብልቢላቸውና በዚያው ሶምሶማሽ እለፊ።

7. ድካምን ከሕመም ለዪ። በማግስቱ ሁለቱም ባትና ሁለቱም ታፋ ቢዝልብሽ፣ ደረጃ ስትወርጂም ብታነክሺ፣ ጡንቻሽ እየለመደ ነው፤ በሁለት ሦስት ቀን ይለቅሻል። አንድ ቦታ ላይ በጣትሽ ልታሳዪው የምትችዪው፣ በሮጥሽ ቁጥር የሚብስ ሕመም ግን ሌላ ነው፤ እስኪለቅሽ እረፊ። ሦስት ቀን ማረፍ ያናድዳል፤ እኔ ግን ሦስት ቀን አላርፍም ብዬ ሁለት ወር ተኛሁ። ደረትሽን ካፈነሽ ወይም ራስሽን ካዞረሽ ወዲያው አቁሚና ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ስኳር፣ ግፊት ወይም የልብ ችግር ያለበት ዘመድ «እኔም ልጀምር» ካለሽ፣ መጀመሪያ ይታይ በዪው።

8. ላብሽ በላይሽ አይድረቅ። ሩጫው ሲያልቅ አምስት ደቂቃ በእርምጃ ቀዝቅዢ፤ ከዚያ ደረቅ ሹራብ ደርቢ። በላብ ቆመሽ ወሬ ከጀመርሽ የአዲስ አበባ ጠዋት ብርድ ያንቀጠቅጥሻል። ለግማሽ ሰዓት ሶምሶማ ልዩ ምግብ አያስፈልግም፤ ከመውጣትሽ በፊት አንድ ሙዝ፣ ስትመለሺ ውሃና በሶ ይበቃል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት በምትጾሚባቸው ቀናት ሩጫሽን ወደ ማብቂያው አስጠጊው፤ ጓደኛሽም ሙስሊም ከሆነች በረመዳን ከኢፍጣር ትንሽ ቀደም ብትል ይሻላታል። በእነዚያ ቀናት ሁለታችሁም አሳጥሩት፤ እርምጃም ይቆጠራል።

9. ቀኑን አታክብጂው። በ1994 ዓ.ም. ኅዳር ታላቁ ሩጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ አንደኛ የወጣው ኃይሌ ገብረሥላሴ ራሱ ነበር። ከኋላው ግን ሺዎች ነበሩ፤ የሚሮጥ፣ የሚራመድ፣ የሚጨፍር። ያንቺም ቦታ እዚያ ነው። መነሻው ላይ ሰዉ ስለሚጨናነቅ መጀመሪያ ትራመጃለሽ፤ ጠፋብኝ ብለሽ ያን ደቂቃ ለማካካስ አትሩጪ። አሥሩን ኪሎ ሜትር እየሮጥሽም እየተራመድሽም ጨርሺው፤ ሜዳሊያው ያው ነው።

እኔ የማየው ግን እሑዱን አይደለም። እሑድ ሁሉም ይሮጣል፤ ሙዚቃው አለ፣ ጩኸቱ አለ። የማየው በማግስቱ ሰኞ አርፈሽ፣ ማክሰኞ ጠዋት ጭብጨባም ሙዚቃም በሌለበት ትወጪ እንደሆነ ነው። በዚያ ማክሰኞ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጃን ሜዳ እጠብቅሻለሁ። ከጎኔ ሆነሽ ስለ እሑዱ እያወራሽ ትሮጫለሽ። ከእኔ ቀድመሽ ከሄድሽ ግን፣ ፈጥነሻል ማለት ነው።

አጎትሽ